ዐሥር ቀን ያለ ሻይ

የሙአታር ቀኝ እጅ ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው በማርጊላን ከተማ ሐር መሸመኛ ቤት ክር መቋጠር፣ ሁለተኛው የባለቤቱን አፍ መጠበቅ። ለመጀመሪያው በየወሩ ደሞዝ ይከፈለዋል፤ ሁለተኛውን ግን ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በነጻ፣ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት ሠርቷል። ሰው ሲቀልድ ከሳቋ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ፎቶ ሲነሱ እሱ ከፊት ይቆማል። አንዳንዴማ ሳቁ ሳይመጣ ዝም ብሎ ወደ ላይ ይወጣና ከአፏ ፊት ተገትሮ ይጠብቃል፤ እንደ ዘበኛ።

ነገሩ የጀመረው ከጉድጓድ ውሃ ነው። ሙአታር የተወለደችው የበረሃው አሸዋ ዳር ባለች ትንሽ መንደር ነው፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚጠጣው ከአንድ ጉድጓድ ነበር። ውሃው ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ በበጋ ሙቀት አንጀት የሚያርስ! ግን ምን ዋጋ አለው፣ የልጆቹን ሁሉ ጥርስ አበለዘው። እዚያ ማንም አላፈረበትም። የሁሉም ጥርስ ቡናማ ከሆነ ማን በማን ይስቃል? ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት አባቷ ቤተሰቡን ጠቅልሎ ማርጊላን ገባ። ትምህርት ቤት በገባች በመጀመሪያው ቀን መምህሩ አንድ አስቂኝ ነገር ተናገሩ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ሙአታር ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ ከሆዷ ሳቀች። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ የራሷን ሳቅ አቋርጣ አፈጠጠችባት።

«ውይ! ጥርስሽ ምን ሆኖ ነው? ሚስማር ነው እንዴ የምትበዪው?»

እጇ የዚያን ዕለት ወጣ። ወጥቶም ቀረ።

አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በሙያዋ ስሟ የተነሣ። አትላስ የሚባለው፣ ቀለሙ እርስ በርሱ የሚፈስ የሚመስለው ሐር ገና ቀለም ሳይነከር ከእሷ ቋጠሮ ነው የሚጀምረው፤ የተቋጠረው ቦታ ቀለም አይጠጣም። የሥራ ባልደረቦቿ ክሩን በመቀስ ሲቆርጡ እሷ በጥርሷ ቀጭ ታደርገዋለች። «ጥርሴ የተፈጠረው ለዚህ ብቻ ነው» ትላለች፤ ትልና እንደገና እጇን ታወጣለች።

ይህን የምትለው ለባርኖ ነው። ባርኖ የወንድሟ ሚስት ስትሆን ከእነሱ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች፤ ሙአታር በአገሩ ወግ «ያንጋ» እያለች ትጠራታለች። ክብ፣ ፈጣን፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ሙሽሪትን ለሠርጓ አጅቦ የሚሄደውም ያንጋ ስለሆነ፣ ሙአታር ከታጨች ወዲህ ባርኖ የራሷ ሠርግ የደረሰ ይመስል መሬት አልነካትም።

እጮኛዋ ዲልሙሮድ ይባላል። ዳማስ በምትባል ትንሽ ነጭ ሚኒባስ ከማርጊላን ጎረቤት ከተማ ፈርጋና ሰው ያመላልሳል። ሦስት ጊዜ ተገናኝተዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ አይስክሬም ቤት፣ ሦስቱንም ጊዜ ባርኖ ለወጉ ያህል አጠገባቸው ያለ ጠረጴዛ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጆሮዋን ግን አዙራ። ዲልሙሮድ መልኩ እንደ ማንም ነው። ወሬው ግን! አንዲት አሮጊት ቱርክ ዶሮ ይዘው ተሳፍረው፣ ለቱርኩ ሒሳብ ከፍለው፣ «መንገዱን ይይ» ብለው መስኮት ጋ ያስቀመጡትን ሲነግራት ሙአታር በእጇ ሥር እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ባርኖም ከወዲያኛው ጠረጴዛ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየ።

በሦስተኛው ቀን፣ አይስክሬሙ አልቆ ማንኪያውን እየላሰ፣ «ሙአታር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት።

«ይጠይቁ» አለች፤ በአገሩ ሙሽሪት እጮኛዋን አንቱ ነው የምትለው።

«ኒካው የሚታሰረው ከአንቺ ጋር ነው ወይስ ከእጅሽ ጋር? እኔ እኮ እስከ ዛሬ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። ጥሩ ሰው ይመስላል፤ ግን ሚስቴንም ባያት ደስ ይለኛል።»

ሳቀች። በእጇ ሥር ነዋ። ቤት ስትደርስ ግን ሳቁ ደርቆ አልቋል።

«እንዴት ደስ የሚል ሰው ነው!» አለች ባርኖ ጫማዋን እያወለቀች።

«ያንጋ፣ ጥርሴን ሳያይ እኮ ነው የሚያገባኝ።»

«ታዲያ መስታወቱንስ አስበሽዋል?»

መስታወቱ! ሠርጉ ዕለት ሙሽሪትና ሙሽራው ጎን ለጎን ተቀምጠው ከላያቸው ሻሽ ይጣላል፤ ከፊታቸው መስታወት ይቀርባል፤ እንደ ባልና ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተያዩት እዚያ ውስጥ ነው። ሴቶቹ በዙሪያ ቆመው ሙሽራውን «ምን አየህ?» ይሉታል። ከዚያ በጣታቸው ማር ይጎራረሳሉ።

ባርኖ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። «አንዱ እጅሽ የመስታወቱን ጠርዝ ይይዛል። አንዱ ማር ላይ ነው። ሦስተኛ እጅ ካለሽ ዛሬውኑ ንገሪኝ።»

ሙአታር ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። ስትናገር ድምጿ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«አንድ ጊዜ፣ እዚያ መስታወት ውስጥ፣ አፌን ከፍቼ ስስቅ እንዲያየኝ እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን።»

«በይ ተነሺ» አለች ባርኖ። ጫማዋን መልሳ አደረገች።

የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ማህፉዛ አጭር፣ ቁጡ፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ የሚኖር ሴት ናቸው። «አፍሽን ክፈቺ» አሉ። ሙአታር ከፈተች፤ እጇም አብሮ ተከፈተና መጣ።

«ይህን ሰውዬ የሚይዝልኝ ማነው?» አሉ። ባርኖ ያዘችው።

«የጉድጓድ ውሃ ነው» አሉ ገና አንዴ አይተው። «ከአሸዋው በኩል ነሽ አይደል? ከዚያ የመጣ ስንት ሰው አይቻለሁ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ጥርስሽ ጤነኛ ነው፤ ለውዝ ከነቅርፊቱ ይሰብራል።»

ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ሙአታር ኮርኒሱን እያየች ዓይኗን ቶሎ ቶሎ አርገበገበች።

«ይነጣል?»

«ቡናማው ይለቃል። እንደ ወተት ይሁንልኝ ካልሽ ግን ሌላ ሐኪም ፈልጊ፤ የኔ ሥራ የራስሽን ጥርስ መመለስ ነው። ሠርጉ መቼ ነው?»

«ልክ ዛሬ ሁለት ሳምንት።»

«ይበቃናል። ሁለት ጊዜ ትመጫለሽ።»

በመጀመሪያው ቀን ፈገፈጓት፤ በሁለተኛው ቀን፣ ማለትም ከሠርጉ ዐሥር ቀን ቀደም ብሎ፣ ከንፈሯን በፕላስቲክ ወጥረው፣ ጥርሷን አንድ በአንድ ቀብተው አስተኟት። በመጨረሻ «ተጉመጥመጪና ነይ» ብለው መስታወት ሰጧት።

ሙአታር መስታወቱን መጀመሪያ በግልባጩ ያዘችው። ባርኖ ገለበጠችላት።

ነጭ! የማስታወቂያ ነጭ አይደለም፤ የሰው ነጭ፣ የተላጠ የለውዝ ፍሬ ዓይነት ነጭ። በግራ በኩል ያለው ክራንቻ ላይ ብቻ የሻይ ጠብታ የምታህል ጥላ ቀርታለች። «እሷ እልኸኛ ናት፣ ትኑር» አሉ ዶክተሯ። ሙአታር አልሰማቻቸውም። ከንፈሯን ገለጠች፣ ዘጋች፣ ገለጠች። ባርኖ እያለቀሰች ትስቅ ነበር፤ ወይም እየሳቀች ታለቅስ ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማድረግ ትችልበታለች።

«አሁን ስሙኝ» አሉ ዶክተር ማህፉዛ። «ጥርስሽ አሁን እንዳልተነከረ ሐርሽ ነው፣ ያገኘውን ቀለም ይጠጣል። ዐሥር ቀን ቀለም ያለው ነገር በአፍሽ እንዳይዞር። ሻይ የለም።»

«አረንጓዴውም?»

«አረንጓዴውም ጥቁሩም። ሮማን የለም፤ ቀይ ሥር የለም፤ የቼሪ ማርማላታ የለም፤ ካሮት ያቀለመው የሩዝ ኦሽ የለም። ነጭ ልብስ ላይ ቢፈስ የምትደነግጪበት ነገር ሁሉ የለም። ሩዝ፣ ወተት፣ እርጎ፣ ዶሮ፣ ውሃ።»

«ዶክተርዬ» አለች ባርኖ፣ እንባዋ ቀጥ ብሎ፣ «ይቺ እኮ ሙሽራ ናት! ዐሥሩንም ቀን በየዘመዱና በየጎረቤቱ ተጠርታለች። እዚህ አገር ሻይ አልጠጣም ማለት እኮ ሰላምታ አልቀበልም ማለት ነው።»

«እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው። ቀጣይ!»

መንገድ ላይ ሙአታር ባርኖን አስማለቻት። ማንም አይወቅ! ሙሽሪት ጥርሷን አሳጥባለች የሚል ወሬ ከወጣ፣ ያየ ሁሉ አፍ አፏን ያያል፤ ዲልሙሮድም ከመስታወቱ በፊት ይሰማል። ለእናቷ ለዛሚራ እንኳ አልነገረቻትም፤ እናቷ ምስጢር መያዝ የማትችለው ከደግነቷ ነው፣ ሌላ ሰው ደስ እንዲለው ስትል ታወጣዋለች።

እንዲህ ሆኖ ዐሥሩ ቀን ተጀመረ።

የመጀመሪያው ግብዣ አክስቷ ቤት ነበር። ጥቅምት ነው፤ ሮማኑ የደረሰበት፣ ካሮቱ የጣፈጠበት ወር። ኦሹ በትልቅ ሳሕን ቀረበ፤ ሩዙ በካሮትና በበግ ስብ ወርቅ መስሏል፤ ሽታው ብቻ ያንበረክካል። በዚያ አገር ለተከበረ እንግዳ ሲኒ አይሞላም፤ ትንሽ ትንሽ እየተቀዳ ደጋግሞ ይመለሳል፣ ሰውየው ቶሎ እንዳይሄድ። ለሙሽራ ደግሞ ሃያ ጊዜ ነው የሚመለሰው። ባርኖ ገና እንደተቀመጠች በራዱን ነጠቀች። «እኔ ልቅዳ፣ ያንጋዋ ነኝ!» የሙአታርን ሲኒ ሙቅ ውሃ ትሞላለች፣ የሚመጣላትን ሻይ ራሷ ትገለብጣለች፣ ከሳሕኑም የሙአታርን ወገን እየናደች ትጎርሳለች። ሙአታር ከዳቦው መሐል መሐሉን እየቆነጠረች «እንዴት ይጣፍጣል!» ትላለች። ባርኖ በየሩብ ሰዓቱ ወደ ጓሮ ትሮጣለች።

«ሙሽራዋ እኔ ነኝ የምመስለው» አለች በአምስተኛው ቀን፣ የቀሚሷን ወገብ እየፈታች። «ሠርጉ ሳይደርስ እፈነዳለሁ፣ እወቂው።»

ሁለቱንም ይህ ሲያስቃቸው ዋለ። ሥራ ቦታም፣ መንገድም፣ ሙአታር ምላሷን ጥርሷ ላይ እያሳለፈች አለ አይደል ብላ ታረጋግጣለች። አለ! ልቧ በደስታ ድው ይላል። እጇ ግን አሁንም ይወጣ ነበር፤ ለእሱ ማንም አልነገረውም።

በስድስተኛው ቀን የተጠሩት ጎረቤታቸው ቶጂኒሶ ቤት ነው። ቶጂኒሶ ከማን ጓዳ ምን እንደሚበስል ከጭሱ የምታውቅ ሴት ናት። ባርኖ ወደ በራዱ እጇን ስትዘረጋ መታ አድርጋ መለሰቻት።

«በኔ ቤት እንግዳ አይቀዳም! ቁጭ በይ።» ከዚያ በገዛ እጇ የጨመቀችውን፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥቁር ቀይ የሮማን ጭማቂ በብርጭቆ ሙአታር አፍንጫ ሥር አቀረበች። «ጠጪ የኔ ቆንጆ፣ ለሙሽራ ደም ይሆናል።»

«አመሰግናለሁ ኦፓ፣ አልጠማኝም» አለች ሙአታር፤ ኦፓ እትዬ እንደ ማለት ነው።

«ሻይስ?»

«ጠጥቼ ነው የመጣሁ።»

«ኦሹንስ? በዚህ ወገን አንድ ፍሬ አልተነካም!» ቶጂኒሶ ጎንበስ ብላ ሲኒዋን አየች። «ይሄ ውሃ ነው! ሻይ ቤት ውስጥ ሞልቶ ሙሽራ ውሃ ትጠጣለች? ምን ሆንሽ አንቺ?»

ሙአታር ደነገጠች፤ በአፏ የመጣላትን የመጀመሪያ ነገር ተናገረች። «ሆዴን ትንሽ ይዞኛል።»

ባርኖ ዓይኗን ጨፈነች። በማርጊላን ሙሽራ ጫማ ጠበበኝ ትላለች፣ ፀሐይ መታኝ ትላለች፤ ሆዴን ይዞኛል ግን አትልም። ልጅ የሚጠበቀው ከዚያ አይደል!

ወሬው ከቶጂኒሶ በር ሲወጣ «ሆዷን ይዟታል» ነበር። ዳቦ መጋገሪያው ጋ ሲደርስ «ጨጓራዋ ቆስሏል» ሆነ። ገበያውን አቋርጦ የዲልሙሮድ እናት የሙካራም ግቢ ሲገባ ደግሞ «ልጅቷ ከወተት በቀር የሚገባላት የለም፣ ወላጆቿም ደብቀዋል» ሆኖ ነበር።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሙካራም ሳያስነግሩ መጡ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሲገቡ በሩ የሚጠባቸው፣ ሲናገሩ ፊት ለፊት ያሉት ስድስት የወርቅ ጥርሶቻቸው ፀሐይ የሚወረውሩ። የዚያን ቀን ግን ጥርሳቸው አልታየም። የሙአታር እናት ልብሷን እያስተካከለች ከወዲያ ወዲህ ተራወጠች።

«ዛሚራ፣ ተቀመጪ» አሉ። «ታላቅ እህቴ ሠርጉ ለጸደይ ይተላለፍ፣ ልጅቷ ትታከም ብላለች። እኔ ግን በራሴ ዓይን ሳላይ አልወስንም አልኩ። ልጅቷ ሻይ ታፍላልኝ።»

ሙአታር በራዱን ይዛ ገባች። እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ ወደ ሲኒው ቀድታ ሦስት ጊዜ ወደ በራዱ መለሰች፤ ከዚያ በአክብሮት፣ ትንሽ ቀድታ፣ በግራ እጇ ደረቷን ይዛ አቀረበች። ሙካራም ሲኒውን ተቀበሉና ሳይቀምሱት መልሰው ወደ እሷ ዘረጉት።

«አንቺ ጠጪው ልጄ።»

በሩ ላይ የቆመችው ባርኖ ወደ ሲኒው እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበች።

«እኔ ገበያ አልወጣሁም፣ ዕቃ ልመርጥ አልመጣሁም» አሉ ሙካራም ዝግ ብለው። «ከታመምሽ ንገሪኝ፤ አብረን እናሳክምሻለን። ልጄ ከአንቺ ጋር ከተገናኘ ወዲህ መኪና እያጠበ ይዘፍናል። ግን አትደብቂኝ።»

ሙአታር ሲኒዋን አየች። አንድ ጉንጭ ናት። ብትጠጣት ወሬው ይሞታል፣ ሠርጉ ይተርፋል፤ ጥርሷ ግን? ስድስት ቀን ኦሽ ያሸተተችበት፣ ባርኖ የወፈረችበት፣ መስታወቱ? ባትጠጣት ደግሞ መስታወቱም የለም፣ ሠርጉም የለም። እጇ እንደ ልማዱ ወደ አፏ ወጣ። መሐል መንገድ ላይ በሌላው እጇ ያዘችውና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ኦያ» አለች፤ አማቷን እናቴ ብላ ስትጠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ሆዴ ደህና ነው። ጥርሴ ነው።» አፏንም ከፈተች።

ሙካራም መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። «ወደ ብርሃኑ ዙሪልኝ።» አገጯን ይዘው አዩ፤ ከላይ አዩ፣ ከታች አዩ። ግራ ተጋብተው ወደ ዛሚራ ዞሩ። «ምንም የለበትም እኮ!»

«እሱ ነዋ ኦያ!» ብላ ፈነዳች ባርኖ ከበሩ። «ምንም እንዳይኖርበት ነው ይህ ሁሉ መከራ! ዐሥር ቀን ሻይ ከልክለዋት፣ የእሷን ሁሉ እኔ እየጠጣሁ ኩላሊቴ ሊወጣ ነው!»

ከዚያ ሁሉም ወጣ። ጉድጓዱ፣ የትምህርት ቤቷ ልጅ፣ ዶክተሯ፣ ሮማኑ፣ የሆድ ሕመሙ ውሸት። ዛሚራ «ለእናትሽ ሳትነግሪ!» እያለች ጉንጯን ትነጫለች። ሙካራም ግን አዳመጡ፤ አዳመጡና መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ቀጥሎ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በመጨረሻ ስድስቱም ወርቆች ባንድ ጊዜ ወጡ።

«ይኸውልሽ» አሉ ጥርሳቸውን በጥፍራቸው ቀጭ ቀጭ እያደረጉ፣ «እኔ ስዳር አባቴ ደህናውን ጥርሴን በወርቅ አስለበጠው። የጊዜው ውበት እሱ ነበር። ስድስቱንም በአንድ ቀን! አገጬ አብጦ ሳምንት ሙሉ በሻይ የራሰ ዳቦ ስውጥ፣ አማቴ ‹ኩሩ ናት፣ አታናግረኝም› ብላ ሰባት ወር አኮረፈችኝ። እኔ እኮ አፌ አልከፈት ብሎኝ ነው!» እንባቸውን ጠረጉ። «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለማን ነው? ለሠርጉ ሰው?»

«ለመስታወቱ» አለች ሙአታር። «አንድ ጊዜ ስስቅ እንዲያየኝ።»

ሙካራም የሙአታርን ሲኒ አንስተው ጭልጥ አደረጉት።

«ይቺ የአንቺ ድርሻ ነበረች፣ ጠጣሁልሽ። በሠርጉ ማግስት ቤቴ ትመልሺልኛለሽ።»

«ለዲልሙሮድ...»

«እኔ ምን አየሁና? በአላህ፣ ምንም አላየሁም። ምንም የለበትም!»

ሲወጡ ቶጂኒሶ ደጅ ላይ ቆም ብለው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ «ኬሊኔ፣ የልጄ ሚስት፣ እንደ ብረት ናት! ወተት ትወዳለች፤ እኛ ቤት ደግሞ ላም አለን!» አሉ። ወሬው እዚያው ደረቀ።

የማርጊላን ሙሽራ ሠርጓ ላይ አትስቅም። ዓይኗን ደፍታ፣ ጎንበስ እያለች ሰላም እያለች ትውላለች። ሙአታርም ያን ነጭ ጥርስ አፏ ውስጥ ቆልፋ ዋለች። ከበሮው ይመታል፣ ረጃጅሞቹ መለከቶች ይጮኻሉ፣ ሰው ይጨፍራል፣ ኦሹ በትልልቅ ድስት ይወርዳል፤ እሷ ዓይነ ርግቧ ሥር እንደ ሐውልት ናት። «እንዴት ያለች ጨዋ!» ይላሉ አሮጊቶቹ። ውስጧ ግን እንደሚፈላ በራድ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል።

«አለ?» ትላታለች ባርኖ በየጊዜው ጆሮዋ ሥር ገብታ።

«አለ» ትላለች ሙአታር ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

በመጨረሻ ሻሹ ተጣለ። ከሥሩ ሐምራዊ ብርሃን፣ ሙቀት፣ የዲልሙሮድ አዲስ ካፖርት ሽታ። ባርኖ መስታወቱን አቀረበች፤ ሙአታር በግራ እጇ ጠርዙን ያዘች፤ የቀኝ ጣቷን ማር ውስጥ ነከረች። መስታወቱ ውስጥ የዲልሙሮድ ፊት ነበር፤ ጸጉሩ ተቆርጦ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ እሷን እያየ። ሳቅ እንግዲህ! አለች ለራሷ። ይኸው፣ ይህን ነው የጠበቅሽው!

አፏ አልከፈት አለ። ከንፈሯ ተጣብቆ ቀረ። ዐሥራ አምስት ዓመት ቀላል አይደለም።

«ምን አየህ?» አሉ ሴቶቹ ከውጭ በአንድ ድምፅ። መልሱን እያንዳንዱ ሙሽራ ያውቀዋል፤ ጨረቃ ነው የሚባለው። ዲልሙሮድ አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት የሙአታር ቀኝ እጅ፣ ማሩን እንደያዘ፣ ዘሎ አፏ ላይ ወጣ። ማሩ አፍንጫዋን ቀባው፣ ዓይነ ርግቡን ቀባው፣ አገጯ ላይ ወረደ።

ዲልሙሮድ መስታወቱ ውስጥ ያለውን እጅ በአክብሮት አየና ራሱን ዝቅ አደረገ።

«እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ» አለው በሹክሹክታ። «ሳትጠራ አትቀርም ብዬ ነበር።»

ያኔ ክዳኑ ተፈነቀለ። ሙአታር ሳቀች። እጇ በማር ተጣብቆ ከዓይነ ርግቡ ጋር ሲታገል፣ አፏ ወለል ብሎ፣ ከሆዷ፣ እንደዚያች የመጀመሪያ የትምህርት ቀን ሳቀች። መስታወቱ በሙሉ ጥርስ ሆነ። የግራ ክራንቻዋ ጥላ እንኳ አልቀረችም፣ ታየች። ዲልሙሮድ አልሳቀም። አፉን ከፍቶ ያያታል፤ ቱርኩን መስኮት ጋ ሲያስቀምጡት ያየ ያህል።

«ምን አየህ? ተናገር እንጂ!» ሴቶቹ ሻሹን ጎተቱ።

«ስትስቅ አየኋት!» ብሎ ጮኸ።

ሠርጉ በሳቅ ፈረሰ። «ጨረቃ ነው የሚባለው፣ አንተ!» አለች አንዲት አሮጊት።

«ጨረቃማ ሁልጊዜ አለች!» አለ ዲልሙሮድ።

«ሙሽራ ትስቃለች እንዴ?» ብላ ራሷን የነቀነቀች ሌላ አሮጊት ነበረች። ሙካራም በስድስቱም ወርቅ ወደ እሷ ዞሩ። «ተዪያት። ስንት ዓመት ቆይታ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት፣ አዲሲቱ ኬሊን ለአማቶቿ ጎንበስ ጎንበስ ብላ ሰላምታዋን ከጨረሰች በኋላ፣ ሙካራም አዲስ ነጭ የገበታ ጨርቅ አንጥፈው በራዱን ራሳቸው አመጡ። «በይ» አሉ፣ «ድርሻሽን።» ደንቡን ረስተው ሲኒውን እስከ አፉ ሞሉት።

ሙአታር በሁለት እጇ ያዘችው። ትኩስ፣ መራራ፣ አረንጓዴ! ዐሥር ቀን! ሁለተኛውን ጠጣች፣ ሦስተኛውን ጠጣች። አራተኛው ላይ ዲልሙሮድ የቱርኩን ወሬ እንደገና አነሣ፤ ለካ አሮጊቷ ሲወርዱ የመልሱንም ከፍለው ኖሯል። ቀኝ እጇ ተነሣ፤ ግን ሲኒ ይዞ ነበር። መሐል ላይ ቆመ፣ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው፤ ሳቁም አልጠበቀውም። ሻዩ ነጩ ጨርቅ ላይ ፈሰሰ።

ሙአታር ቢጫውን እድፍ አየችው። ነጭ ልብስ ላይ ቢፈስ የምትደነግጪበት ነገር ሁሉ የለም ብለዋት ነበር ዶክተሯ። ምላሷን አንድ ጊዜ ጥርሷ ላይ አሳለፈች።

ከዚያ ሲኒዋን እንዲደግሙላት ወደ አማቷ መልሳ ዘረጋች።